እትዬ መርፌ እና የምድር ቤቱ ልብስ

ያ ክረምት ከሁሉ በላይ የሚታወሰኝ በእርጥበቱ ነው። ዝናቡ ከላይ ብቻ አልነበረም የሚመጣው፤ ከጎንም ይመጣል፣ ከመሬትም ይነሣል። ግድግዳው ያልበዋል። ትራስ ቢገለበጥ የተገለበጠውም እርጥብ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ላውንድሪ ውስጥ በካውያ እንፋሎት ስቀቀል ውዬ ስወጣ፣ ነፋሱ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ የዋለ ይመስል ፊቴን በጥፊ ይለኛል። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ባሌ መርከብ ላይ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ ልጃችን ገና ጡት አልጣለችም፤ ቤት ያለነው እኔና አማቴ ነን። ካፖርት አልነበረኝም። አሁን ስጽፈው ቀላል ነው። ያኔ ግን ሰው እንዳያውቅብኝ ስል "እኔ እኮ ሙቀት ይበዛብኛል" እያልኩ ነበር የምዞረው። በዚያ ዝናብ!

ከላውንድሪው ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጫማ መሸጫውና በትምህርት ቤቱ አጥር መካከል፣ የሜቶዲስቶች ቤተ ክርስቲያን ነበረች። የጡብ ሕንፃ ናት፤ ትልቅም ትንሽም አይደለች። እኔ ያኔ አባል አልነበርኩም። ሰፈሩ ስለ ሜቶዲስቶች ሁለት ነገር ያወራል፤ አንደኛ ዝማሬ ከጀመሩ አያቆሙም፣ ሁለተኛ ሰው ሲታመም ሳይጠሩ ይመጣሉ። ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ሁለት እየሆኑ የታመመና ያረጀ ይጠይቃሉ። ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ሾርባ ያበላሉ፤ ማን ነህ፣ ከወዴት ነህ የሚባል ነገር የለም። ፊደል ላልቆጠሩ ትልልቅ ሰዎች ከሥራ በኋላ ያስተምራሉ። ረቡዕ ደግሞ በጓሮ በኩል ሰባት ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ምድር ቤት ይከፈታል። በሩ ላይ "የልብስ ክፍል፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት" ይላል። ያንን ጽሑፍ ስንት ሳምንት እያነበብኩ እንዳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ረቡዕ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወረድኩ።

ውስጥ አንዲት ረጅም ቀጭን ሴትዮ የእግር ስፌት መኪና ላይ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ይሆናል። ከንፈሯ ላይ አምስት ስድስት ስፒል ተሰክቷል፤ የምታወራውም በስፒሎቹ መካከል ነው። በኋላ እንደሰማሁት ሁሉም የሚጠራት እትዬ መርፌ ብሎ ነው። ሃያ ዓመት ዩኒፎርም ፋብሪካ ሰፍታ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ነው ይህን ክፍል በበጎ ፈቃድ የያዘችው።

"ለማን ነው?" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

"ለ... ለጎረቤቴ" አልኩ።

"ጎረቤትሽ ቁመቷ ምን ያህል ነው?"

"እኔን ታህላለች።"

"ትከሻዋስ?"

"እሱም... እኔን።"

አሁን ቀና አለች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሜትሩን ከአንገቷ ላይ ሳበችው። "እንግዲያው ስለ እሷ ቁሚልኝ፣ ልለካ።"

ለካችኝ። ክንዴን ስታነሳ፣ ጀርባዬን ስትመትር አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ስትጨርስ ግን፣ "ጎረቤትሽ ቆንጆ ልጅ ናት፤ ምግብ ግን ይቀራታል። በሚመጣው ረቡዕ ነይና ውሰጂላት" አለች።

በቀጣዩ ረቡዕ ያገኘሁት ካፖርት እስከ ዛሬ እንዴት እንደተሠራ ባስብ ይገርመኛል። የወንድ ካፖርት ነበር የመጣላት፣ ግራጫ፣ ደህና ሱፍ። ሰው ቢሆን እጅጌውን አሳጥሮ ይሰጥ ነበር። እሷ ስፌቱን በሙሉ ተርትራ በታተነችው። ከዚያ ጨርቁን ገልብጣ፣ ፀሐይና ዝናብ ያላየውን የውስጡን ፊት ወደ ውጭ አውጥታ መልሳ ሰፋችው። ካፖርት እንዲህ ሲገለበጥ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ስለዚህ የወንድ አቆላለፍ የነበረው በራሱ ጊዜ የሴት ሆነ። ኮሌታውን አጠበበች፤ ከታች ከቆረጠችው ቀበቶ አወጣች፤ ቁልፎቹን ቀየረች፤ የውስጥ ኪሱን ጭራሽ ቆርጣ አወጣችው። ስለብሰው ለእኔ ከሱቅ ታዞ የተሰፋ ነበር የሚመስለው።

ምስጋናዬን በአፍ መጨረስ ስላልቻልኩ ረቡዕ ከሰዓት ከላውንድሪው ፈቃድ እየጠየቅኩ ሄጄ እተኩስላት ጀመር። "ካውያ" አለችኝ፣ ያው መጠሪያዬ ሆኖ ቀረ። መርፌና ካውያ። ጸሎት የሚመሩት ሽማግሌ "መቀስ ብቻ ነው የቀራችሁ" እያሉ ይቀልዱብን ነበር።

ያኔ ነው ሕጓን ያወቅኩት። ከዚያ ክፍል አንድም ልብስ እንደመጣ አይወጣም። ቢያንስ ኮሌታው ይለወጣል፣ ወይ ቀሚሱ ጉርድ ይሆናል፣ ወይ ሹራቡ ተተርትሮ እንደገና ይሠራል። ከተማው ትንሽ ነው፤ ሰጪና ተቀባይ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፣ አንድ ዳቦ ቤት ይሰለፋሉ። ከእሷ በፊት ልብሱ እንደመጣ ነበር አሉ የሚታደለው። አንድ ቀን የአስተማሪው ሚስት ዳቦ ቤት ውስጥ አንዷን እጅጌዋን ይዛ፣ "ውይ፣ ይሄ የኔ አልነበረም እንዴ! ከኔ በላይ አማረብሽ እኮ!" አለቻት። በደግነት ነው፣ ክፋት የላትም። ያቺ ሴት ግን ከዚያ በኋላ ለልብስም ለሾርባም አልመጣችም፤ ዳቦም ከሌላ ሰፈር መግዛት ጀመረች።

እትዬ መርፌ ግን ለምን ይህን ያህል እንደምትደክም ማወቅ እፈልግ ነበር፤ በቃ፣ ተፈጥሮዬ ነው፣ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለፓስተሩ ከወንጌል ጠቅሳ ነው አሉ የመለሰችላቸው። ለመዘምራን መሪዋ "እጄ እንዳይደነዝዝ ነው" አለቻት። እኔን ደግሞ፣ "ሃያ ዓመት አንድ ዓይነት ዩኒፎርም ሰፋሁ። አሁን አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ማየት ያመኛል" አለችኝ። ከሦስቱ የትኛው እውነት እንደሆነ አላውቅም። ቤቷ ከቁልፍ ሠሪው ሱቅ በላይ አንድ ክፍል ነው። የራሷ ቀሚስ እጅጌ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሎ እስከማውቃት ድረስ ጎድሎ ነው የኖረው። ስነግራት "አየሁት" ትላለች፤ አትተክለውም።

ካፖርቱን በለበስኩ በአምስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ የሹፌሩ ሚስት መጣች። ባሏ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ከሞተ ሁለት ወር አልፎታል። በቤተ ክርስቲያኗ ከፊት የምትቀመጥ፣ ሰው የሚያከብራት ሴት ናት። ወረፋ የያዙትን አልፋ ገባችና በሩን ዘግታ እዚያው ቆመች። እኔ ካፖርቴን ሁልጊዜ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ነው የምሰቅለው። ትከሻዋ ነካው።

"እትዬ፣ ልሰጥ አይደለም የመጣሁት፣ ልወስድ ነው" አለች። "የባሌ ካፖርት እዚህ መጥቷል። ግራጫ፣ ባለ ሦስት ቁልፍ። የውስጥ ኪሱ ተቀዶ እኔ ራሴ በቀይ ክር ነው የሰፋሁት።"

ካፖርቴን የተቀበልኩ ቀን ተቆርጦ የወጣው የውስጥ ኪስ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ቀዩን ክር በዓይኔ አይቼዋለሁ። ካውያው ሸሚዝ ላይ ቆይቶ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ።

"ካውያ፣ አንሺው!" አለች እትዬ መርፌ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞራ፣ "ወጥቷል" አለች።

"እኔ እኮ አልሰጠሁም! ሐኪሙ ያዘዘልኝን ክኒን ውጬ ተኝቼ ነበር። እህቴ ለኔ አስባ ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርጋ ጠበቀችኝ። ሸሚዙን ውሰዱት፣ ሱሪውን ውሰዱት። ካፖርቱን ብቻ ስጡኝ። ማን ጋ ነው ያለው?"

"እሱን አልናገርም።"

"እንዴት አትናገሪም?"

"ለተቀበለው ሰው ማንም አያውቅም ብያለሁ። ደግሞ ያ ካፖርት እንደመጣ አይደለም። ቢያዩትም አያውቁትም።"

"ሃያ ስድስት ዓመት ያቀፍኩትን ካፖርት አላውቀውም ትይኛለሽ?" አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። በሩን ከፍታ ወጣች። ካፖርቴ ምስማሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲወዛወዝ እኔና እትዬ መርፌ አየነው።

በማግስቱ ከሥራ ወጥቼ የተረፈውን ልተኩስ ሄጄ ሳለ ፓስተሩ ወረዱ። ሜቶዲስቶች ፓስተር በአንድ ቦታ አያቆዩም፣ በየጥቂት ዓመቱ ያዛውሩታል፤ እኚህ በዚያው ዓመት ገና መምጣታቸው ነበር። ወጣት ናቸው፣ ሳቃቸው ከሰባቱ ደረጃ ላይ ይሰማል። ያን ቀን ግን አልሳቁም።

"እትዬ፣ ሴትዮዋ አልሰጡም። ያልተሰጠ ነገር ደግሞ ሊታደል አይገባም ነበር።"

"ልክ ነዎት፣ ፓስተር።"

"እንግዲያው ይንገሩኝ፣ እኔ በዘዴ አስመልሰዋለሁ።"

"አልነግርዎትም።"

"እኔንም?"

"ማንም አያውቅም ብዬ ነው ቃል የሰጠሁት። ማንም ሲባል እርስዎም አሉበት።"

ፊታቸው ቀላ። "እስከ ረቡዕ ያስቡበት። ካልሆነ ግን ክፍሉን ለሌላ ሰው ለማስረከብ እገደዳለሁ" አሉና ወጡ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "እትዬ፣ ልመልሰው" አልኩ። "አሁኑኑ ወስጄ ልስጣት።"

"አርፈሽ ተኩሺ።"

"ክፍሉን ይነጥቁሻል እኮ!"

"ስሚ፣ ካውያ። አንቺ ብትናገሪ የምትታወቂው አንቺ ብቻ ትመስይኛለሽ? በዚህ ደረጃ የሚወርዱት ሁሉ 'የእሷ ከታወቀ የኛም ይታወቃል' ነው የሚሉት። ከዚያ ማንን ላለብስ ነው ክፍሉ?"

ቤት ገባሁ። ምላሷ ምላጭ የሆነው አማቴ ልጄን ጭኗ ላይ አድርጋ ታጫውታለች። ስለ ካፖርቱ ለእሷ የነገርኳት ታሪክ ሌላ ነበር፤ የላውንድሪው ባለቤት ሚስት ጠቧት ሰጠችኝ ብያት ነበር።

"ምነው ፊትሽ? ካፖርቱ ከሰሰሽ?" አለችኝ።

ዞሬ ካፖርቱን ምስማር ላይ ሰቀልኩ።

"ልጄ፣ የላውንድሪው ባለቤት ሚስት በር የሚጠብባት ሴት ናት፤ ካፖርቷ አንቺን ይሸከምሻል እንጂ አንቺ አትለብሽውም። የሜቶዲስቶች ቤት መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ቀጥይ።"

ቀጠልኩ፤ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። አማቴ ልጄን እያሻሸች፣ "ሄደሽ ስጫት" አለች። "ባል የሞተባት ሴት ካፖርት አይደለም የምትፈልገው። ግን ካፖርቱን በእጇ እስክትይዘው ድረስ አይገባትም። ብርድ መትቶሽ እንድትስዪብኝ ግን አልፈቅድም፤ ሻሌን አውስሻለሁ።" አማቴ እንዲህ ናት፤ አንዱን ከሌላው ጋር ቀላቅላ ነው የምታወራው።

ሰኞ ከሥራ ወጥቼ የሹፌሩ ሚስት ቤት ሄድኩ። ፎቅ ነው፣ ሁለተኛው። በሩ እንደተከፈተ የሹፌር ባርኔጣ ምስማር ላይ አየሁ፤ ከሥሩ አቧራ ያልነካው ጥቁር ጫማ ተደርድሯል። አንድ ባንድ እንደምትወለውለው ያስታውቃል። ገብቼ እንኳ ሳልቀመጥ፣ "እመቤቴ፣ ካፖርቱ እኔ ላይ ነው። ይኸው" አልኩና አውልቄ ዘረጋሁላት።

ተቀበለችኝ። ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ኮሌታውን አየች፣ ቁልፉን አየች፣ ገልብጣ ገበሩን አየች። ከዚያ አፍንጫዋን ከተተችበት። ቀና ስትል ዓይኗ ደርቆ ነበር።

"ይሄ የሴት ካፖርት ነው።"

"ገልብጣው ነው፣ እመቤቴ። ሲገለበጥ አቆላለፉ..."

"የሱ ቀለም እንዲህ አይደለም።"

"የውስጡ ፊት ነው፤ ፀሐይ ስላላየ..."

"ሳሙና ሳሙና ይላል!" አለች። "እሷ ናት የላከችሽ። ሌላ ካፖርት አስይዛ አፌን ልታዘጋ።" ተቆጥታለች፤ ግን ወዲያው ደግሞ በስስ ቀሚስ መቆሜን አይታ ካፖርቱን ራሷ አለበሰችኝ፣ እስከ አንገቴም ቆለፈችልኝ። "በርዶሻል፣ የኔ ልጅ። በይ ሂጂ፤ ዳግም ለእንዲህ ዓይነት ነገር ሲልኩሽ እሺ አትበዪ።"

እውነት ተናግሬ ያልታመንኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀጥታ ከቁልፍ ሠሪው በላይ ወዳለው ክፍል ሄድኩ። ትገድለኛለች ብዬ ነበር። እትዬ መርፌ ግን ሰምታኝ ስትጨርስ ስፒሎቹን አንድ ባንድ ከከንፈሯ አወጣች።

"አላወቀችውም?"

"አላወቀችውም።"

"ምኑንም?"

"የሴት ነው አለች።"

ሳቀች። እትዬ መርፌ ስትስቅ መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው፤ እንደ ልጅ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ሥራዋን የወደደች ሰው ሳቅ ነው። ከዚያ ሳቁ ልክ እንደ ክር ብጥስ አለና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ምስኪን" አለች። "ምስኪን ሴት። ለካ በጣም ደህና አድርጌ ሰፍቼዋለሁ።"

ከአልጋው ሥር ከረጢት ሳበች። ከየልብሱ የሚቆረጠውን ሁሉ እየጠቀለለች ታስቀምጥ ኖሯል፤ ኮሌታ፣ ኪስ፣ ቁልፍ፣ የጫፍ ጨርቅ፣ እያንዳንዱ በጋዜጣ። እኔ የሚጣል ነበር የሚመስለኝ። ለምን ታስቀምጪዋለሽ ስላት "ሰው ይመጣል" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ ቀን በፊት መጥቶ የሚያውቅ ይኑር አይኑር ሳልጠይቃት ቀረሁ።

በማግስቱ ሁለታችን ሄድን። እትዬ መርፌ ምንም ሳትናገር ያንን የውስጥ ኪስ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የሹፌሩ ሚስት አነሳችው። ገለበጠችው። ቀዩ ክር እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ እያለ ይሄዳል።

"ይሄ የኔ እጅ ነው" አለች። "እንዲህ አስቀያሚ አድርጎ የሚሰፋ ሌላ ሰው የለም።" ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ። "'ይሄ ስፌት ነው ወይስ የተራራ መንገድ? አውቶቡስ ብነዳበት ይገለበጣል' ይለኝ ነበር እኮ!"

እትዬ መርፌ ኪሱን ተቀብላ ዓይኗ ሥር አስጠግታ አየችው። "እውነቱን ነው" አለች በቁም ነገር። "ይገለበጣል።" ሦስታችንም ሳቅን።

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች፣ ከዚያ ወደ ካፖርቱ። ያኔ ገባት። ቁልፌን መፍታት ስጀምር እጄን ያዘችኝ። "ተዪው። ኪሱ ይበቃኛል። ነገሩም ከዚህ ቤት አይወጣም፣ ቃሌ ነው።"

ቃሏን ጠበቀች፣ በሷ አልፈርድም። ለፓስተሩ "ነገሩ አልቋል፣ ክፍሉን አይንኩባት" ብላ ነገረቻቸው። እንዴት አለቀ ሲሏት ደግሞ ስም ሳትጠራ ስለ ኪሱና ስለ አንዲት ተቀባይ አወራቻቸው። አሁን፣ ሜቶዲስቶች አንድ ነገር አለባቸው፤ ልባቸው ሲነካ መመስከር አለባቸው። ደስታ ውስጣቸው አያድርም። እሑድ ፓስተሩ መድረክ ላይ ወጡና ያንን ታሪክ ሰበኩት።

ቆንጆ ስብከት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ልብስ ሁሉ እንዴት አዲስ እንደሚሆን፣ አንዲት እህት ይታወቅብኛል ብላ ሳትፈራ የሌላውን ሐዘን እንዳሰበች፣ ያ ካፖርት "ዛሬም በመካከላችን እንዳለ" ተናገሩ። ሰው አለቀሰ። እኔ መተኮስ ከጀመርኩ ወዲህ እሑድም እመጣ ስለነበር ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ ከዚያ ቦታ የሚታየው አንገት ብቻ ነው። መጀመሪያ አንድ አንገት ዞረ። ከዚያ ሌላ። እጅ ወደ ራሱ ኮሌታ ሲሄድ አየሁ። አንዷ ከፊቷ የተቀመጠችውን ሴት የትከሻ ስፌት በዓይኗ ስትከተል አየሁ። ክፋት አይደለም፤ የማወቅ ጉጉት ነው፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ባየሁ ነበር። ፀጥታው መሃል ደግሞ አንዲት ትንሽ ልጅ ጮክ ብላ ጠየቀች።

"እማዬ፣ የኔ ቀሚስ የማን ነበር?"

እናቷ ልጅቷን አቅፋ ወጣች። እትዬ መርፌም የመጨረሻው መዝሙር ሳይጀመር ተነሥታ ሄደች።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት በሩን ከፈትን። የምድር ቤቱ መስኮት ጣራው ሥር ነው፤ በእሱ የሚታየው የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። ጫማ ይመጣል፣ በሩ አጠገብ ሲደርስ ይዘገያል፣ ያልፋል። አንድ ጥንድ ጫማ ቆመ፤ ካውያዬን ይዤ ጠበቅኩ፤ ሄደ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በዚያ ደረጃ አንድም ሰው አልወረደም። በሰባት ዓመት እንዲህ ሆኖ አያውቅም አለችኝ።

ስንዘጋ ፓስተሩ መጡ። ባዶውን ወንበር፣ የተደረደረውን ልብስ አዩና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

"ስም እኮ አልጠራሁም፣ እትዬ።"

"ቢጠሩ ይሻል ነበር" አለቻቸው። "ቢጠሩ አንዷ ብቻ ነበረች። ስላልጠሩ ሁላቸው ሆኑ።"

ሰውየው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሊከራከሩ አልሞከሩም፤ በዚህ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። "ምን ላድርግ?" ብቻ አሉ።

ያን ጊዜ ነው ያ ነገር ከአፏ የወጣው። የኛ ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን አይደለችም፤ አምስት ሆነው በአንድ ሰብሳቢ ፓስተር ሥር ናቸው፣ ሰባኪም ይለዋወጣሉ። አንደኛዋ ወደብ ከተማ ናት፣ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ። "ሰባኪ የምትለዋወጡትን ያህል ልብስ ብንለዋወጥ ምን አለበት?" አለች እትዬ መርፌ። "የዚህ ከተማ ልብስ ወደዚያ ይሂድ፣ የዚያ ወደዚህ ይምጣ። ሰጪ ከተቀባይ ዳቦ ቤት የማይገናኝበት ሀገር ይሁን። ልብሱ ከሩቅ እንደሚመጣም በሩ ላይ ጻፉት።"

ፓስተሩ እዚያው ደረጃው ላይ ደብዳቤ ጻፉ። የሹፌሩ ሚስት ደግሞ የባሏን ጓደኞች ለመነቻቸው፤ ጆንያዎቹ አውቶቡሱ ጣራ ላይ በነፃ ተጫኑ። የመጀመሪያዎቹን አራት ጆንያዎች ይዛ እትዬ መርፌ ራሷ ሄደች። የወደቡን ክፍል አቋቁማ፣ አንድ ሁለት ሴት አሠልጥና፣ በሦስት ሳምንት ልትመለስ ነው። አውቶቡስ ተራ የሸኘናት እኔና አማቴ ነን። አማቴ ስታያት የመጀመሪያዋ ነበር፤ እጅጌዋን አየችና፣ "ይቺ ናት ከተማውን ያለበሰችው? የራሷ ቁልፍ የት አለ?" አለች፣ እየሰማቻት።

"አየሁት" አለች እትዬ መርፌ።

በወሩ ከወደቡ ጆንያ መጣ። እኔና አማቴ የከፈትንበትን ቀን አልረሳውም፤ የማናውቀው ከተማ፣ የማናውቃቸው ሰዎች። አማቴ እያንዳንዱን እያነሳች "ይሄን የለበሰው ግራኝ ነው፣ ቀኝ ክርኑ አላለቀም። ይቺ ደግሞ ወፍራም ነበረች፣ በኋላ ታማለች" እያለች ፈረደች። ልብሱ ሁሉ እዚያው ተሠርቶ ነው የመጣው፤ የእትዬ መርፌን እጅ አውቀዋለሁ፣ የኮሌታዋን አጣጣፍ በሺህ መካከል እለየዋለሁ። አንዱ ቀሚስ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት በስፒል ተሰክቷል፦ "ካውያ፣ ከመተኮስሽ በፊት አርጥቢው።" ይኸው ነው። ደህና ነሽ ወይ የለ፣ እመጣለሁ የለ።

በሩ ላይ ልብሱ ከሩቅ እንደሚመጣ ጻፍን። ሰው ወዲያው አልመጣም። በመጀመሪያው ረቡዕ ሁለት መጡ። ዝናቡ ሊያባራ አካባቢ ያቺ ቀሚሷ የማን እንደነበር የጠየቀችው ልጅ እናት ወረደች፣ "ለጎረቤቴ ነው" አለችኝ። እኔም ሜትሩን ከአንገቴ ሳብኩ።

እትዬ መርፌ በሦስት ሳምንት አልተመለሰችም፣ በሦስት ወርም። ከቁልፍ ሠሪው በላይ ያለው ክፍል ለሌላ ሰው ተከራየ። ለምን ቀረች? የሹፌሩ ሚስት "ተቀይማን ነው" ትላለች። አማቴ "ባሕሩ ተስማምቷት ነው" ትል ነበር። እኔ አንዳንዴ እኔ ነኝ ያባረርኳት እላለሁ፤ ያን ሰኞ አርፌ ቤቴ ብገባ ኖሮ ኪሱም አይወጣ፣ ስብከቱም አይሰበክ። አንዳንዴ ደግሞ ማንም የማያውቃት ከተማ ስታገኝ እሷም እንደዚያ ካፖርት ተገልብጣ መኖር አምሯት ይሆን እላለሁ። መጠየቅ ነበረብኝ። ጆንያው ውስጥ ወረቀት ማስገባት እችል ነበር፤ ጽሑፌ አስቀያሚ ስለሆነ አፈርኩ።

ፓስተሩ በአራተኛው ዓመት እንደ ሥርዓታቸው ተዛወሩ፣ ወደዚያው ወደብ ከተማ። በሚቀጥለው ዓመት ጻፉልኝ። እትዬ መርፌ እዚያ ናት። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን፣ በጓሮ በኩል ሁለተኛው በር፣ ረቡዕና ቅዳሜ ትሰፋለች፤ የምትኖረውም ከዚያው በላይ ባለው ክፍል ነው። ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ያያት ሰው አላገኘሁም።